ተርቧ ምን ይዛ ነው? አዳኝ ተርቦችንና የሚያድኗቸውን ነፍሳት ለይቶ ለማወቅ

ልጅ ሆኜ በቤታችን የመስኮት ጉበን ላይ በየዓመቱ አንዲት የጭቃ እብጠት ትበቅል ነበር። አውራ ጣት የምታህል፣ ድቡልቡል፣ ስትደርቅ ድንጋይ የምትመስል። እናቴ በመጥረጊያ እጀታ መታ መታ አድርጋ ስትጥላት ትሰበርና ከውስጧ ሸረሪቶች ይዘረገፋሉ። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ የሸረሪት ቤት ናት ብሎ ደመደመ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ያጋባን ነበር። ሸረሪቶቹ አይሮጡም፤ ነገር ግን የሞቱም አይመስሉም። በሰንበሌጥ ሲነኳቸው እግራቸው በጣም በዝግታ ይነቃነቃል።

ያቺ እብጠት የሸረሪት ቤት አልነበረችም። የተርብ ቤት ነበረች፤ ሸረሪቶቹም ስንቅ ነበሩ። ከመካከላቸው በአንዱ ሆድ ላይ የተጣበቀች፣ ከጤፍ ቅንጣት ረዘም ያለች ነጭ እንቁላል ነበረች፤ እኛ ግን አላየናትም።

ይህ ስህተት የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ስለ አዳኝ ተርቦች የሚነገረው ሁሉ ብዙውን ጊዜ ወይ ፍርሃት ነው ወይ ግምት። ነፍሳትን አጥንተው የማያውቁ ሰዎች እንኳ በቀላሉ ሊለዩአቸው የሚችሉበት መንገድ ግን አለ፦ ቀለሟን ከማየት በፊት የያዘችውን ማየት።

አዳኝ ተርብ ከሌላው ተርብ በምን ትለያለች?

ተርብ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ከጣሪያ ክዳን ሥር የተንጠለጠለውን፣ ወረቀት የመሰለውን ቤትና ሲነኩት ተንጋግቶ የሚወጣውን ሠራዊት ነው። እነዚህ በማኅበር የሚኖሩ ናቸው። ቤታቸውን የሚሠሩት ከእንጨት የፋቁትን ጭረት አኝከው ነው፤ ያደኑትንም እዚያው አኝከው፣ አድቅቀው፣ ለልጆቻቸው ያጎርሳሉ።

ሁለተኛው ወገን ጥገኛ ተርብ ይባላል። ብዙዎቹ ከጉንዳን ያነሱ ናቸው። ቤት አይሠሩም። አባጨጓሬው ቅጠል እየበላ ሳለ መጥተው እንቁላላቸውን በገላው ውስጥ ይጥሉና ይሄዳሉ፤ የሚፈለፈለውም እጭ፣ ማለትም ገና ትል የሚመስለው ሕፃን፣ ከውስጥ እየበላው ያድጋል።

አዳኝ ተርብ ከሁለቱም የተለየች ናት። ንግሥት የላትም፣ ሠራተኛ የላትም፣ ረዳት የላትም። ብቻዋን ቤት ትሠራለች ወይም ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ብቻዋን ታድናለች፤ ያደነችውን ነድፋ ሽባ ታደርገዋለች፤ ተሸክማ ቤቷ ታስገባለች፤ እንቁላል ትጥልበታለች፤ በሩን ትዘጋለች። አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ ልጃቸውን አያዩትም።

አዳኞቹ በሙሉ ሴቶች ናቸው። የተርብ መንደፊያ እንቁላል መጣያ የነበረ አካል ተለውጦ የተፈጠረ በመሆኑ ወንዱ መንደፊያ የለውም። ደግሞ አደኗን እናቲቱ ራሷ አትበላውም። የእሷ ምግብ በአብዛኛው የአበባ ወለላ ነው፤ ሥጋው የልጅ ቀለብ ነው።

ለምን ገድላ አታስቀምጠውም?

ለበዓል በግ የሚገዛ ሰው ማቀዝቀዣ ከሌለው ምን ያደርጋል? ሳምንት ቀደም ብሎ አያርድም። ገዝቶ ደጅ ያስረዋል። ተርቧም የምታደርገው ይህንኑ ነው። የሞተ ሸረሪት በሙቀት በሁለት በሦስት ቀን ይበሰብሳል ወይም ይደርቃል፤ እንቁላሉ ግን ተፈልፍሎ፣ እጩ በልቶ እስኪጠግብ ብዙ ቀናት ያስፈልገዋል። ስለዚህ አደኑ ሕያው ሆኖ መቆየት አለበት፤ ነገር ግን መሸሽም መታገልም የለበትም። የመርዟ ሥራ ይህ ነው።

እዚህ ላይ የነፍሳትን ገላ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። የእኛ ነርቭ ትእዛዙን በዋናነት ከአንድ አንጎል ይቀበላል። የነፍሳት ግን በሆዳቸው በኩል እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በተደረደሩ የነርቭ ቋጠሮዎች ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ በአቅራቢያው ያለውን የአካል ክፍል ያዛል። ተርቧ የምትነድፈው በዘፈቀደ አይደለም፤ ቆዳው በሚሳሳበት፣ ቋጠሮው ቅርብ በሆነበት ቦታ ነው። አባጨጓሬ ላይ ቋጠሮዎቹ ከጭንቅላት እስከ ጅራት የተበታተኑ ስለሆኑ አባጨጓሬ አዳኟ አንዴ ነድፋ አትተወውም፤ ከፊት ወደ ኋላ አንዱን ቀለበት ከሌላው እያስከተለች ትነድፈዋለች። ይህን በደቡብ ፈረንሳይ ሜዳ ላይ በሆዱ ተኝቶ ለዓመታት የተመለከተው ዣን ኦንሪ ፋብር (1823–1915) ተርቧን ከቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ያመሳስላት ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመልካቾች ግን እንደዚያ የማትሳሳት እንዳልሆነች አይተዋል፤ የንድፊያው ብዛትም ቦታም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይለያያል።

እጩም ቢሆን ሥርዓት አለው። ስቡንና ሌላውን ቀድሞ ይበላል፤ ለሕይወት የግድ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች መጨረሻ ላይ ያቆያቸዋል። ጭካኔ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም።

የጥንት ቻይናውያን ይህን ትዕይንት አይተው ሌላ ትርጉም ሰጥተውት ነበር። ተርቧ አባጨጓሬ ይዛ ጭቃ ቤት ትገባለች፤ ከጊዜ በኋላ ከዚያው ቤት ተርብ ይወጣል። እንግዲህ ልጅ የላትምና የሌላውን ልጅ ወስዳ እንደ ራሷ አድርጋ ታሳድጋለች አሉ። በቻይንኛ ጉዲፈቻን የሚገልጸው አንድ ቃል እስከ ዛሬ የዚያን አባጨጓሬ ስም ይዟል። ቤቱን ከፍቶ በማየት የተርቧ የራሷ እንቁላል መኖሩን የጻፈው በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሊቅ ታኦ ሆንግጂንግ ነው።

በረሮን በአንቴናው የምትመራው ተርብስ?

በሞቃታማው አፍሪካና እስያ የምትገኝ፣ ገላዋ እንደ ከበረ ድንጋይ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ የኋላ ጭኖቿ ቀይ የሆኑ ተርብ አለች። የምታድነው በረሮ ነው። በረሮው ከእሷ ይበልጣል፤ ተሸክማው ልትበር አትችልም። ስለዚህ ራሱ በእግሩ እንዲሄድላት ታደርጋለች።

መጀመሪያ ደረቱ ላይ ትነድፈዋለች። የፊት እግሮቹ ለጥቂት ደቂቃ ይዝላሉ። ይህች ንድፊያ ለሁለተኛዋ መንገድ ማመቻቻ ናት። ሁለተኛዋ በአንገት በኩል ወደ ጭንቅላቱ ትገባለች። በእስራኤል፣ በቤርሳቤህ ከተማ በሚገኘው የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ሊበርሳትና ባልደረቦቹ የተርቧን መርዝ በጨረር አመንጪ ምልክት አድርገው ተከታትለውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናትም መርዙ በቀጥታ አንጎል ውስጥ እንደሚፈስ አሳይተዋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ከሽባነት የተለየ ነው። በረሮው መቆም ይችላል። ቢገለብጡት ይነሳል። ውኃ ውስጥ ቢጥሉት ይዋኛል። የጠፋው ጉልበቱ ሳይሆን ‘ልሂድ’ ብሎ በራሱ የመነሳት ፍላጎቱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሹፌሩ እንደወረደ መኪና ማለት ነው። ተርቧ አንቴናዎቹን ከግማሽ ቆርጣ የሚወጣውን ደም መሰል ፈሳሽ ትጠጣለች፤ ከዚያ የቀረችውን የአንቴና ቁራጭ እንደ ልጓም ይዛ ትስበዋለች። እሱም ይከተላል። ጉድጓድ ስታስገባው፣ እግሩ ላይ እንቁላል ስትጥልበት፣ በሩን በጠጠር ስትዘጋበት ዝም ይላል።

ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‘ታዲያ ለምን በየቤታችን አንለቃትም?’ ነው። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1941 በረሮን እንድታጠፋ ሃዋይ ደሴቶች ገብታ ነበር። ነገር ግን አንዲት ተርብ የምታድነው ለልጆቿ የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው፤ በረሮ ደግሞ እንዴት እንደሚራባ ወጥ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል።

የያዘችውን አይቶ ማንነቷን ማወቅ ይቻላል?

በብዙው ይቻላል፤ ምክንያቱም አዳኝ ተርቦች በምግብ ጉዳይ እጅግ መራጮች ናቸው። ሸረሪት የምታድነዋ ፌንጣ አፍንጫዋ ሥር ቢያልፍ ዘወር ብላ አታየውም። የምትይዘው፣ አያያዟና የምታስገባበት ቤት አንድ ላይ ሲታዩ ወገኗን ይናገራሉ።

ሸረሪት ከያዘች ሁለት ዋና ዋና አማራጮች አሉ። አንድ ትልቅ ሸረሪት ይዛ መሬት ለመሬት ወደ ኋላ እየጎተተች የምትሄድ፣ እግረ ረጅም፣ ክንፏን እያርገበገበች ቁንጥንጥ የምትል ከሆነች ከዋነኞቹ ሸረሪት አዳኞች ወገን ናት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሸረሪት ትመድባለች፤ አንዳንዶቹ ለጭነት እንዲመች የሸረሪቱን እግሮች ይቆርጣሉ። የዚህ ወገን ትልልቆቹ በአፍሪካ ጸጉራሙን ግዙፍ ሸረሪት ጉድጓዱ ድረስ ገብተው ይገጥሙታል።

ትንሽ ሸረሪት ይዛ በአየር የምትበር፣ ወገቧ እንደ ክር የቀጠነ ከሆነች ደግሞ የልጅነቴ ተርብ ናት። መራጊ ተርብ እላታለሁ፤ ቤት ስትመርግ የምትውል ናትና። (ጭቃ ሹም ልላት ነበር፤ ግን የምታዘው ሰው የላትም።) በአፍሪካ በብዛት የምትታየው ዓይነት ጥቁር ሆና ቀጭኑ ወገቧ ፍጹም ቢጫ ነው። ጭቃውን ከውኃ ዳር በድቡልቡሉ አንስታ በአፏ ታመጣለች፤ ስትለጥፈው በገላዋ ንዝረት እያላላችው ስለሆነ ቀረብ ብሎ የሚያዳምጥ ‘ዝዝዝ’ የሚል ድምፅ ይሰማል። ክፍሎቹን ጎን ለጎን ትሠራለች፤ እያንዳንዱን ብዙ ሸረሪት ትሞላዋለች፤ በመጨረሻም ሁሉንም በአንድ ወፍራም ምርጊት ትሸፍነዋለች። ብዙ ሰው የሚያየው ይህን የመጨረሻውን ድፍን እብጠት ብቻ ነው።

አባጨጓሬ ከሆነ ቤቷን ይመልከቱ። አንገት ያላት ትንሽ እንስራ የምትመስል ጭቃ ከግንድ ወይም ከድንጋይ ላይ ካገኙ ሸክላ ሠሪዋ ናት። ይህች ከማኅበረኞቹ ተርቦች ጋር ዘመዳም ስትሆን ስታርፍ ክንፏን በቁመቱ እንደ ነጠላ አጥፋ ታስቀምጣለች፤ መራጊዋ እንዲህ አታደርግም። የሥራ ቅደም ተከተሏም የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ እንቁላሏን ከጣሪያው በክር ታንጠለጥላለች፣ ከዚያ አባጨጓሬ ማስገባት ትጀምራለች። በአሸዋማ መሬት ላይ ጉድጓድ የምትቆፍር፣ ሆዷ ላይ ቀይ ያለባት፣ ሰውነቷ የተመዘዘ ተርብ ከሆነች ግን ሌላ ናት። ከእነዚህ መካከል ጉድጓዱን ከዘጉ በኋላ ጠጠር በአፋቸው ይዘው አፈሩን የሚደለድሉ አሉ። መሣሪያ የሚጠቀም ነፍሳት ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ፌንጣ በአንቴናው ይዛ፣ በላዩ ላይ እንደ ፈረሰኛ ተፈናጣ የምትጎትት ትልቅ ተርብ የፌንጣ አዳኝ ናት። የበረሃ አንበጣን የሚያድኑ ዘመዶችም አሏት። ንብ በመካከለኛ እግሮቿ ከሆዷ ሥር ታቅፋ የምትበር፣ ጭንቅላተ ሰፊ፣ ቢጫና ጥቁር ከሆነች የንብ አዳኝ ናት፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ። ዝንብ ይዛ አሸዋ ላይ ዱብ ካለች የአሸዋ ተርብ ልትሆን ትችላለች፤ እርሷ ከሌሎቹ ለየት ብላ በሩን ዘግታ አትሄድም፣ ልጇ እስኪያድግ በየቀኑ ትኩስ ዝንብ ታመጣለታለች። ጥንዚዛ የሚያድኑ፣ በባዶ አገዳ ውስጥ ክሽክሽ (የእፅዋት ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) የሚያከማቹ ጥቃቅን ጥቁሮችም አሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ተርብ የሚመስል ሁሉ ተርብ አይደለም። ቢጫና ጥቁር ለብሰው ወፍ የሚያታልሉ ዝንቦች ብዙ ናቸው። ክንፉን ይቁጠሩ፤ ተርብ አራት አላት፣ ዝንብ ሁለት።

የንብ አዳኟ ለምን የተመራማሪዎች ወዳጅ ሆነች?

ይህች ተርብ በአውሮፓም በአፍሪካም አለች። አበባ ላይ ያለችን ንብ ይዛ ነድፋ ካደነዘዘች በኋላ ሆዷን ጨምቃ የቀሰመችውን ወለላ ትጠጣለች። ከዚያ አሸዋ ውስጥ ወደ ቆፈረችው ጉድጓድ ትወስዳታለች።

ጥያቄው በመቶ ጉድጓዶች መካከል የራሷን እንዴት ታገኛለች የሚል ነበር። በ1930 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ኒኮ ቲንበርገን የተባለ ወጣት ኔዘርላንዳዊ በጉድጓዷ ዙሪያ የጥድ ፍሬ በክብ ደረደረ። ተርቧ ከለመደችው በኋላ፣ ለአደን በሄደችበት፣ ክቡን እንዳለ ትንሽ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው። ንቧን ይዛ ስትመለስ ያረፈችው በባዶው ክብ መሃል ነው። እውነተኛው በሯ አጠገቧ ክፍት ሆኖ ሳለ። ‘ከዋርካው አለፍ ብሎ’ ተብሎ መንገድ የተነገረው እንግዳ ዋርካው ቢቆረጥ እንደሚጠፋበት ማለት ነው። ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸልሟል።

ሌላም ጉድ አላት። ጉድጓዱ ርጥብ ነው፣ ሻጋታ ይወዳል። እርሷ ግን በአንቴናዎቿ ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያ ታረባለች፤ ነጭ ቅባት ሆኖ ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ትቀባዋለች፤ እጩም ድር ሲፈትል ከድሩ ጋር ያዋህደዋል። ባክቴሪያው ፀረ ሻጋታ ያመነጫል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው ከዚሁ የባክቴሪያ ወገን ነው።

ማወቃችን ምን ይፈይዳል?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 በዲትሮይት አካባቢ ከእስያ የመጣ አንድ አረንጓዴ ጥንዚዛ ተገኘ፤ አሽ የሚባለውን ዛፍ በአስር ሚሊዮኖች ጨርሷል። ጥንዚዛውን ዛፍ ጫፍ ላይ መፈለግ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን የዚህን ጥንዚዛ ዘመዶች የምታድን የአገሩ ተርብ አለች፤ በቤዝቦል ሜዳዎች ጠንካራ አሸዋ ላይ ትቆፍራለች። ፈቃደኛ ሰዎች ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ስትመለስ ምን እንደያዘች ማየት ጀመሩ። በኮነቲከት ግዛት ጥንዚዛው መግባቱ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ መንገድ ነው። ደመወዝ የማይከፈላት ቃኚ!

በሌላ በኩል ጭቃዋ አደጋ ያመጣል። አውሮፕላን ፍጥነቱን የሚለካው የአየር ግፊት በምትቀበል ቀጭን ቱቦ ነው፤ ተርብ ደግሞ ቀጭን ቀዳዳ ትወዳለች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተነስቶ በወደቀው አውሮፕላን 189 ሰዎች ሞተዋል፤ የቱቦዋ መደፈን ምክንያት የነፍሳት ጭቃ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። በአውስትራሊያ የብሪዝበን አውሮፕላን ማረፊያ ተመራማሪዎች የቱቦውን አምሳያ አቁመው በ39 ወራት ውስጥ 93 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ አግኝተውታል። የቆመ አውሮፕላን ቱቦ በሽፋን የሚከደነው ለዚህም ነው።

በእኛ ማሳ የሚነሳው ጥያቄ ከእነዚህ ጥቂት ይለያል። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ከገባ ወዲህ ‘ተርብ ይዋጋዋል’ የሚል ወሬ ይሰማል። ወሬው እውነትነት አለው፤ ነገር ግን በጥናት ጎልታ የወጣችው አዳኟ ሳትሆን ጥቃቅኗ ጥገኛ ተርብ ናት። ከኢትዮጵያ በቆሎ ማሳ በተሰበሰቡ ተምቾች ላይ በብዛት የተገኘችው ዝርያ ስሟን ያገኘችው ናይሮቢ ካለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከኢሲፔ ነው።

ግድግዳዬ ላይ ያለችውን ላፍርሳት?

አዳኝ ተርብ ቤቷን ለመከላከል ሰው ላይ አትዘምትም። በእጅ ከተጨበጠች ወይም ልብስ ውስጥ ከተጠመደች ትነድፋለች፤ ከዚያ ውጪ እየሠራች ሳለ አጠገቧ ቆመው ቢያዩዋት ግድ የላትም። በወረቀት ቤት የሚኖሩትን ማኅበረኞች ግን በዚህ ተማምነው አይጠጓቸው። የተርብ ንድፊያ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ወይም ፊት የሚያሳብጥበት ሰው የማንኛዋም ቢሆን ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ጭቃዋን ከማንሳትዎ በፊት ቀዳዳ ይፈልጉ። ክብ፣ ጥርት ያሉ ቀዳዳዎች ካሉባት ልጆቹ ወጥተዋል፤ ባዶ ቤት ናት። ምንም ቀዳዳ ከሌላት ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ ባለፈው ኅዳር አንዷን ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ አግኝቼ በቢላዋ ጫፍ አንድ ክፍል ብቻ ከፈትኩ። አሥራ አንድ ሸረሪት ቆጠርኩ፤ አሥራ አንደኛው እግሩን አነሳ። መልሼ በርጥብ ጭቃ ደፈንኩት፤ ምርጊቴ ግን ከእርሷ ጋር ሲተያይ የጀማሪ ሥራ ነበር።